ኦሞራቴና የዓይን ሞራ ግርዶሽ፦ ርቀት የሚያሳውረው ዓይን

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉን ለዚህ የዳረገው የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። የትራኮማ የብሌን ጠባሳ ድርሻ 11.5 በመቶ ነበር። በጠባሳ የጠፋን ብርሃን መመለስ አዳጋች ነው፤ ሞራ የጋረደውን ግን የደቂቃዎች ቀዶ ሕክምና ይመልሰዋል። በዳሰነች ወረዳ በምትገኘው ኦሞራቴ አንድ አዛውንት በሞራ ታውረው ከቀሩ ጥበቡ ታጥቶ ሳይሆን ስላልደረሳቸው ነው። ለሕክምና ጂንካ ለመድረስ በቱርሚና በዲመካ በኩል ረጅም መንገድ አለ፤ ዓይነ ስውር ደግሞ ብቻውን አይጓዝም፤ መሪ የሚሆነው ልጅ ከብቱን ጥሎ መሄድ አለበት። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ራሱ፣ ቀኑ አስቀድሞ ታውቆ፣ በየጊዜው ወደ ወረዳው መውረድ አለበት እላለሁ።

የዓይን ሌንስ በአብዛኛው ውሃና ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ በዕድሜ ሲጓጉል ብርሃን ወደ ሬቲና በቀጥታ ማለፉ ቀርቶ ይበታተናል፤ ቀለም ይደበዝዛል። ሞራው የሌንሱን መካከል ከያዘ እይታው የሚብሰው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ሲጠብ ብርሃኑ በጨለመው ቦታ ብቻ ያልፋልና። ከብቱን በመልኩ ለሚለይ የቆላ አርብቶ አደር ይህ ከሥራው ውጭ መሆን ማለት ነው። ጠብታም ሆነ እንክብል ሌንሱን አያጠራውም። «ሞራው ይብሰል» ብሎ መጠበቅም አደገኛ ነው፤ ከልክ ያለፈ ሞራ የዓይንን ግፊት አንሮ ነርቩን ሊገድል ይችላል፤ ነርቩ ከሞተ ቀዶ ሕክምናም አያድነውም።

እንዲህ በዘመቻ የሚሰጥ ሕክምና ለድሃ የተተወ ዝቅተኛ ሕክምና ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። በኔፓል የእነ ዶክተር ሳንዱክ ሩይት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ንጽጽር፣ ውድ የአልትራሳውንድ መሣሪያ የሚፈልገው ዘዴና ያለ ስፌት የሚዘጋው የትንሽ ቅድ ዘዴ ከስድስት ወር በኋላ ተቀራራቢ ውጤት ሰጥተዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ፈጣንና ርካሽ ነው። በዚህ ዘዴ ሐኪሙ በዓይኑ ነጭ ክፍል በኩል ገብቶ የጓጎለውን ሌንስ ያወጣል፤ በከረጢቱ ውስጥም ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተክላል። «ቡድኑ ሲመለስ ታካሚው ማንን ይይዛል?» የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለው። በትራኮማ የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን የሚወጋው ሰው መጀመሪያ ቆቡ ሊቃናለት ይገባል። ከኦፕሬሽን በኋላ ባሉት ቀናት ዓይኑ ቢቀላ፣ ቢያምና እይታው ቢቀንስ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ወደ ሐኪም መላክ አለበት። ይህን የሚለይ፣ ለታካሚውም በዳሰነችኛ የሚያስረዳ ነርስ በወረዳው ጤና ጣቢያ ሠልጥኖ ሳይቀመጥ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና መጀመር የለበትም።