የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው፤ የአዋሽን ልጅስ?

ልደታ ውስጥ የውሃ ፈረቃ ሲደርስ ጀሪካን መደርደር የተለመደ ነው። ከሰፈሩ የሚወጣው ውሃ የት እንደሚሄድ ግን ጠያቂ የለውም። በልደታ የሚወርዱት ወንዞች ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ ከዚያ በአባ ሳሙኤል አድርገው አዋሽን ይቀላቀላሉ። የከተማው ፍሳሽ መጨረሻው ከብትና ሰው የሚጠጣው ወንዝ ነው።

አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባህር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በዚህ ወንዝ ካይሮ አትወቀስም። ያበላሸነውም የምናስተካክለውም እኛው ነን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ተንዳሆ ላይ ደግሞ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ጥጥ ተከለ። እርሻው የተዘረጋበት የወንዝ ዳር መሬት ግን ባዶ አልነበረም፤ አፋሮች ከብቶቻቸውን በበጋ የሚያሰማሩበት ነበር። የ1965 እና 1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ መሸሻው ግጦሽ በእርሻ ተይዞ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ መሬቱን ወረሰ፤ ሱልጣን አሊሚራህም ተሰደዱ። ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ አሠራሩ አልተቀየረም።

መልካ ሳዲ ላይ የሆነው ይህን ያሳያል። ውሃ የሚገባበት ቦይ ሲቆፈር ትርፉ የሚወጣበት በጊዜው አልታሰበም። መሬት ከሚችለው በላይ ሲጠጣ ጨዋማው የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፀሐዩ ውሃውን ወስዶ ጨውን ይተዋል። በዚህ መንገድ ሰፊ ማሳ ከምርት ወጣ። መተሐራ ላይ ደግሞ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የበሰቃ ሐይቅ ከ40 በላይ ሆኗል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃ መሆኑን ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ውሃ በሚናፈቅበት ቆላ የባከነ ውሃ መንገድና ሐዲድ አስፈራርቷል።

ሶቪየቶችም ለጥጥ ብለው ሁለት ወንዞችን ጠልፈው የአራልን ባህር አድርቀዋል። በረሃውን ከዝናብ እጥረት በላይ የሚጎዳው «ዛሬ ይመረት፣ የነገውን ነገ እናያለን» የሚል ዕቅድ ነው።

በዓባይ ጉዳይ ኢትዮጵያ ስትሟገት የኖረችው ለፍትሐዊ አጠቃቀም ነው፤ ታችኛውን ተፋሰስ ጉልህ ጉዳት ሳያደርሱ መጠቀም። ሙግቱ ትክክል ነው። እንግዲያው በአዋሽም ይሠራ! ፍሳሹ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ይጣራ። ቦይ ሲቆፈር ማንጣፈፊያውም አብሮ ይቆፈር። ዕቅዱ ሲወጣ አርብቶ አደሩ ወንበር ይኑረው።

አዋሽ ላይ አዲስ አበባ የላይኛው ተፋሰስ ናት። ከጎረቤት የምንጠብቀውን ፍትሕ ለአሳይታ ሰው ካልሰጠን፣ በዓባይ ላይ የምንናገረውን ማን ያምነናል?