ከመሬት ቅየሳ ወደ ሕግ ማውጣት፤ የሮጀር ሸርማን የሥራ ዘመን

የአሜሪካ መንግሥት የቆመው በአራት ታላላቅ ሰነዶች ላይ ነው፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. የ1774ቱ የአህጉራዊ ማኅበር ስምምነት፣ የ1776ቱ የነፃነት መግለጫ፣ የኮንፌዴሬሽኑ ውልና የ1787ቱ ሕገ መንግሥት ናቸው። በአራቱም ላይ ፊርማውን ያኖረው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የኮኔቲከቱ ሮጀር ሸርማን ነው።

ሸርማን በ1721 በማሳቹሴትስ ተወለደ። ከአባቱ የተማረው ጫማ ሰፊነትን ነበር። ኮሌጅ አልገባም፤ ሒሳብንም ሆነ ሕግን ያወቀው በገዛ ንባቡ ነው። በ1743 ወደ ኮኔቲከት ተሻግሮ በ1745 የአውራጃ መሬት ቀያሽ ሆኖ ተሾመ። ወሰን የሚለካ ሰው ከወሰን ክርክር አይርቅምና፣ ሥራው ወደ ሕግ ደጃፍ አቀረበው። በ1754 ጠበቃ፣ በ1755 የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባል፣ በ1766 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ።

የሥራ ዘመኑ ከፍተኛ ምዕራፍ ግን በ1787 በፊላዴልፊያ የተደረገው ጉባኤ ነው። ሕዝባቸው የበዛ ክፍላተ ግዛት ውክልና በሕዝብ ቁጥር ይሁን ሲሉ፣ አነስተኞቹ እኩል ድምፅ ካልተሰጠን አንስማማም አሉ። ሸርማን ሰኔ 11 ቀን የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረበ፤ ይኸውም በአንደኛው ምክር ቤት በሕዝብ ቁጥር፣ በሁለተኛው ደግሞ በእኩልነት እንዲወከሉ የሚል ነበር። ሐሳቡ በዕለቱ ተቀባይነት አጣ። ይሁን እንጂ ጉባኤው ሊበተን ሲቃረብ ወደዚያው መንገድ ተመለሰ፤ ሐምሌ 16 ቀንም በ5 ለ4 ድምፅ ጸደቀ። የማሳቹሴትስ ልዑካን እኩል ለእኩል ተከፍለው ስለ ነበር ድምፃቸው አልተቆጠረም።

ለስምምነት ማድላቱ ግን ዋጋ ነበረው። የባሪያ ንግድን እንደማይደግፍ በጉባኤው ቢናገርም፣ ኅብረቱ እንዳይፈርስ በመስጋት ጉዳዩ ባለበት ይቆይ አለ። ሕገ መንግሥቱም ንግዱን እስከ 1808 ድረስ ኮንግሬሱ እንዳይከለክል አገደ። የዚያን ዝምታ ዕዳ የከፈሉት በጉባኤው ድምፅ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

በ1789 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳለ ሌላ ክርክር ተነሣ። ጀምስ ማዲሰን ማሻሻያዎቹ በዋናው ጽሑፍ ውስጥ እንዲሰገሰጉ ሲፈልግ፣ ሸርማን ግን ነባሩ ቃል ሳይነካ በመጨረሻ እንዲጨመሩ ተከራከረ፤ ሐሳቡም አሸነፈ። ስለዚህ የዛሬ አንባቢ በ1787 የተጻፈውንና በኋላ የታረመውን፣ የባርነትን መሻር ጭምር፣ ለይቶ ማየት ይችላል። አሮጌው ስሕተት ከእርማቱ ጎን ሆኖ ይነበባል።

ሸርማን በ1791 ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ገብቶ፣ በሥራው ላይ ሳለ ሐምሌ 23 ቀን 1793 በኒው ሄቨን አረፈ።