የሰኞ ገበያና የሰኞ በሽታ

ሰኞ ለመቀሌ የጨው ቀን ነበረች። በፈረስ ስማቸው «አባ በዝብዝ» የተባሉት ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ በ19ኛው ምዕት ዓመት መገባደጃ መቀሌን መናገሻቸው ሲያደርጉ፣ በዘመናቸው የደመቀው ታላቅ ገበያ ስሙ «እዳጋ ሰኑይ» ነው፤ በትግርኛ የሰኞ ገበያ ማለት ነው። ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ የወጣው አሞሌ ከዚያ ወደ ደጋው ይበተን ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደታዘበው፣ አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ገንዘብ ነበር። ገንዘብነቱ ግን መብልነቱን አላስቀረውም፤ ሰውም ከብትም ይልሰው ነበር።

በአውሮፓ ደግሞ ሰኞ ለፈረስ ክፉ ቀን ነበረች። የጭነት ጋሪ የሚስቡት ፈረሶች እሑድ ሥራ ፈትተው ሲውሉ የእህል ቀለባቸው አይቀነስም ነበር። ሰኞ ማለዳ ተጠምደው ጥቂት እንደተራመዱ ታፋቸው ይደርቃል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ሽንታቸው ቡና ይመስላል። የተጎዳው ጡንቻ ቀለም በኩላሊት በኩል መውጣቱ ነው። «የሰኞ ማለዳ በሽታ» አሉት። ዛሬም የእሽቅድምድም ፈረሶችን የሚይዝ የጡንቻ ሕመም የዚሁ ዘመድ ነው።

ታዲያ ጨው ምን ይረዳል? የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይልቅ ጨዋማ ነው። ብርቱ ሩጫ ላይ ያለ ፈረስ በሰዓት 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያልበው ይችላል። ከላቡ ጋር ሶዲየም፣ ክሎራይድና ፖታሲየም ይፈስሳሉ፤ ጡንቻ በሚገባ ተኮማትሮ የሚፈታው ደግሞ እነዚህ ሳይጓደሉ ነው። ሣር ፖታሲየም አይነፍገውም፤ ሶዲየሙ ግን ጥቂት ነው። የጎደለውን የሚሞላው ጨው ነው።

ሁለተኛው ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ነው። ለእንስሳት ጠቃሚነቱ በ1957 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ በተከታዩ ዓመት ጡንቻቸው እየነጣ ከሚሞቱ ግልገሎች ሞትን እንደሚከላከል በአሜሪካ፣ ኦሬገን ታየ። ከቪታሚን ኢ ጋር ሆኖ የጡንቻን ሕዋስ ይጠብቃል። ልኩን ሲያልፍ ግን መርዝ ነው፤ መኖው የጎደለው መሆኑ ሳይታወቅ አይጨመርም።

በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንዳንድ ፈረሶች በዘር የወረሱት እንከን ጡንቻቸው ስኳር ያለ ልክ እንዲያከማች እንደሚያደርግ ተደረሰበት። እነዚህን የሚረዳቸው እህል መቀነስ፣ በምትኩ ቅባት መጨመርና በየዕለቱ ማንቀሳቀስ ነው።

እንግዲህ የሰኞ ገበያ አሞሌ የመልሱን አንድ ክፍል ይዟል። የቀረው ፈረሱ ሥራ ፈትቶ በዋለበት ቀን በሚሰፈርለት ቀለብ ላይ ነው። ባለ እሽቅድምድም ፈረሱም ሆነ ባለ ጋሪው፣ በዕረፍት ቀን እህሉን ቀንሶ ፈረሱን ጥቂት ቢያንሸራሽር ከውድ ዱቄት የሚበልጥ ጥቅም ያገኛል።