ስውር ጉዞና ግልጽ ኃላፊነት

የጦር መርከብ በጦርነት ጊዜ ጉዞውን ይሰውራል፤ የንግድ መርከብ ግን መብራቱን አብርቶ፣ ሰንደቁን ሰቅሎ፣ ለሁሉም እየታየ መጓዝ ልማዱ ነው። ሁለቱ በአንድ ጉዞ ሲገናኙ የማንኛው ደንብ ይጸናል? የኩዊን ሜሪና የኩራሶዋ ታሪክ ይህን ጥያቄ በሰው ሕይወት ዋጋ አንሥቶታል።

ኩዊን ሜሪ ከ80,000 ቶን በላይ የሆነች የእንግሊዝ የመንገደኞች መርከብ ስትሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግራጫ ቀለም ተቀብታ ወታደር ታመላልስ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1942 ወደ 10,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮችን አሳፍራ ወደ ስኮትላንድ ስታመራ፣ ኩራሶዋ የተባለች አሮጌ የጦር መርከብ ከአውሮፕላን ጥቃት ልትጠብቃት ከአየርላንድ ሰሜናዊ ጠረፍ ማዶ ታጅባት ጀመር። ኩዊን ሜሪ የሰርጓጅ መርከቦችን ዒላማ ለማሳት በ28 ኖት ተኩል ፍጥነት ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየታጠፈች ትጓዝ ነበር፤ ኩራሶዋ ግን በ25 ኖት ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር።

ጊዜው ቀን፣ አየሩም ጥሩ ስለ ነበር መርከቦቹ በግልጽ ይተያዩ ነበር። ይሁን እንጂ የኩዊን ሜሪ ካፒቴን አጃቢዋ መንገድ ትለቃለች ብሎ ገመተ፤ የኩራሶዋ አዛዥ ደግሞ ቀዳሚው መርከብ ለሚቀደመው መንገድ ይለቃል በሚለው የባሕር ደንብ ተማመነ። በዚህም ግዙፏ መርከብ አጃቢዋን ለሁለት ከፈለቻት። ከ330 የሚበልጡ መርከበኞች አለቁ፤ የተረፉት 101 ብቻ ነበሩ። ኩዊን ሜሪም ሰርጓጅ መርከቦችን በመፍራት በማናቸውም ምክንያት እንዳትቆም ታዝዛ ስለ ነበር ጉዞዋን ቀጠለች።

አደጋው ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ለሕዝብ አልተነገረም። ሆኖም የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት የመርከቧን ባለቤት ኩባንያ በ1943 ከሰሰ። በ1947 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጥፋቱን በባሕር ኃይሉ ላይ ጣለው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለት ሦስተኛውን ለባሕር ኃይሉ፣ አንድ ሦስተኛውን ለኩባንያው አከፋፈለ፤ የሎርዶች ምክር ቤትም በ1949 ይህንኑ አጸና። ከሳሹ ራሱ ዋናውን ዕዳ ተሸከመ ማለት ነው።

ጥያቄው ከጦርነቱ ጋር አልተዘጋም። ዛሬ ታላላቅ የንግድ መርከቦች ማንነታቸውንና አቅጣጫቸውን በራሱ በሚሠራ የሬዲዮ መሣሪያ እንዲያሳውቁ ዓለም አቀፍ ሕግ ሲያስገድዳቸው፣ የጦር መርከቦች ግን ከግዴታው ነጻ ናቸው። በ2017 ሁለት የአሜሪካ የጦር መርከቦች፣ አንዱ በጃፓን አቅራቢያ፣ ሌላው በሲንጋፖር አጠገብ፣ ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጭተው 17 መርከበኞች ሞቱ። የአደጋዎቹ ዋና ምክንያት የመርከበኞቹ ስሕተትና የሥልጠና ጉድለት ነበር፤ ቢሆንም ባሕር ኃይሉ ከዚያ በኋላ መርከቦቹ መተላለፊያው በሚጨናነቅበት ቦታ ማንነታቸውን እንዲያሳውቁ ወሰነ። አዛዦችም ከሥልጣን ተነሡ።

ከጠላት መሰወር ለጦር መርከብ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን አጠገብ ለሚጓዝ ወዳጅ መንገድን ማሳወቅ፣ ማን ለማን እንደሚለቅም አስቀድሞ መወሰን የአዛዡ ኃላፊነት ነው። በ1942ቱ አደጋ የጎደለው የሚያይ ዐይን አልነበረም፤ የጎደለው ይህ ስምምነት ነበር።