ባትሪ ከመንቀል እስከ ብርቱካናማው ገመድ
የተሽከርካሪ ኤሌክትሮኒክስ ጥንቃቄዎች አመጣጥ

በቀድሞው ዘመን ጋራዥ ዲናሞ ባትሪ መሙላቱን ለማወቅ የሚደረግ አንድ ቀላል ፈተና ነበር። መካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ የባትሪውን ገመድ ይነቅላል፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው ይባላል። ይህ ፈተና ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ኖሯል። ዛሬ ግን ይኸው ልማድ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ኮምፒዩተር በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል። ነገሩ እንዴት እንደ ተለወጠ መመርመር፣ በጥገና መጻሕፍት የተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች ከየት እንደ መጡ ያስረዳል።

ካዲላክ በ1912 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኤሌክትሪክ ማስነሻ ያለውን መኪና ካቀረበ በኋላ ዲናሞ፣ ባትሪ፣ ሞተሪኖና ቦቢና አብረው የሚኖሩ ሆኑ። እነዚህ የመዳብ ጥቅልና የብረት ሥራዎች በመሆናቸው ለአፍታ የሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅን ይችሉ ነበር።

ለውጡ የጀመረው ክራይስለር በ1960 ቫሊያንት በተባለው መኪናው ላይ አልተርኔተር ባስገባ ጊዜ ነው። አልተርኔተር የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ የሚያቀኑት የሲሊከን ዳዮዶች ናቸው፤ የባትሪው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቢገለባበጥ ወዲያው ይቃጠላሉ። ከዚህም በላይ፣ አልተርኔተሩ በብርቱ እየሞላ ሳለ ባትሪው ቢነቀል፣ የጥቅሉ መግነጢሳዊ ኃይል በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ትርፉን የሚውጠው ባትሪም የለም። በመሆኑም በ12 ቮልት ሥርዓት ውስጥ ቮልቴጁ ለሴኮንድ ክፋይ ከ80 በላይ ሊደርስ ይችላል።

ይህን ግፊት የማይችሉ ዕቃዎች ወዲያው በዙ። ቦሽ በ1967 በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን የነዳጅ መርጫ በፎልክስዋገን 1600 ላይ አዋለ። በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ደግሞ ከካርቡራተር የበለጠ ትክክለኛ ልኬት የሚጠይቅ ሆነ፤ በ1981 ጄኔራል ሞተርስ በአሜሪካ በሚሸጣቸው የቤንዚን የቤት መኪናዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል ኮምፒዩተር አስገባ።

በዚያን ጊዜ ሌላው የመካኒኩ ወዳጅ፣ የመፈተሻው አምፖል፣ ጠላት ሆነ። ጥቂት ዋት ያለው አምፖል ከሩብ አምፔር ያላነሰ ፍሰት ሊስብ ይችላል፤ ብዙዎቹ የሴንሰርና የኮምፒዩተር መስመሮች ግን የሚሠሩት በሚሊአምፔር ነው። የኦክስጅን ሴንሰር የሚሰጠው ምልክት እንኳ ከ1 ቮልት ያነሰ ነው። ስለዚህ 10 ሜጋኦም የውስጥ መከላከያ ያለው መለኪያ የግድ ሆነ። በሰበቃ በሰውነት ላይ የሚከማቸውን ኤሌክትሪክ ሰው የሚሰማው 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው፤ ስስ ኤሌክትሮኒክስ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰው ይጎዳል። ኮምፒዩተሩን ከመንካት በፊት የመኪናውን ብረት መንካት፣ እግሮቹንም በእጅ አለመነካካት የታዘዘው ስለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ የስሕተት ዋጋ ገንዘብ ነበር። በ1981 መርሴዲስ ቤንዝ ኤርባግን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን ዋጋው የሰው አካል ሆነ። ኤርባግ ባትሪው ቢነቀልም እንዲሠራ ኃይል የሚያጠራቅም ካፓሲተር አለው። ስለዚህ ባትሪውን ነቅሎ አምራቹ ያዘዘውን ጊዜ መታገሥ፣ ማቀጣጠያውንም በኦም መለኪያ ፈጽሞ አለመለካት ያስፈልጋል፤ የመለኪያው አነስተኛ ፍሰት ሊያፈነዳው ይችላልና።

በ1996 በአሜሪካ በሚሸጡ አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት የምርመራ መሰኪያ ግዴታ ሲሆን ሥራው የቀለለ መሰለ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚያነበው ቁጥር የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። የአየር ማፍሰሻ ቀዳዳ የኦክስጅን ሴንሰርን ሊያስከስስ፣ የዛገ የቦዲ መሬት ገመድም ደኅናውን ኮምፒዩተር ሊያስፈርድበት ይችላል። ከባትሪ፣ ከፊውዝና ከመሬት ገመድ ሳይጀምሩ ዕቃ መለወጥ፣ ደንበኛው ያለ ጥፋቱ የሚከፍለው ቅጣት ነው።

ቶዮታ በ1997 ፕሪየስን ካቀረበ በኋላ ደግሞ ከ200 ቮልት በላይ የሚሸከም ብርቱካናማ ገመድ መጣ። ኢትዮጵያም በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መወሰኗን ስላስታወቀች፣ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል። በእነዚህ መኪናዎች 12 ቮልቱን ባትሪ መንቀል ብቻ አይበቃም፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጓንት አጥልቆ፣ የከፍተኛ ቮልቴጁን ማቋረጫ አውጥቶና ታግሦ፣ ቮልቴጅ አለመኖሩን በመለኪያ ማረጋገጥ ይገባል።

ባትሪውን ይነቅል የነበረው መካኒክ አላዋቂ አልነበረም። እጁ የተማረው በዲናሞ ዘመን ነው፤ ዕቃው ሲለወጥ ምክንያቱን የነገረው ግን አልነበረም። እንግዲህ የጥንቃቄውን ዝርዝር በጋራዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይረዳም፤ ነገ ሌላ ዕቃ ሲመጣ ዝርዝሩ ያረጃልና። የማያረጀው ምክንያቱን ማስተማር ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።