ወንበር የሚደረድሩ ሰዎች ታሪክ

በትንሽ አጥቢያ ያገለገለ ሰው ይህን እሑድ ያውቀዋል። ቁልፉ ያለው ወንድም ዘግይቷል። በሩ ሲከፈት የሌሊቱ ዝናብ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ወለሉን አርሶታል። አንዷ መወልወያ ታነሳለች፣ ሌላው የፕላስቲክ ወንበር ይደረድራል፣ ሦስተኛው ከማይክራፎኑ ገመድ ጋር ይታገላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወለል የወለወለችው እኅት ልጆች ታስተምራለች፤ ወንበር የደረደረው መዝሙር ይመራል፤ ከገመዱ ጋር የታገለው ደግሞ ስጦታ ይሰበስባል፣ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል። ጉባኤው ሲበተን ወንበሩን የሚያነሡት እነዚያው ናቸው።

እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። ባለፈው ዓመት ግን ደክሞኝ ነበር። የልጆች ክፍል ካስተማርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ጠመኔ የምገዛው ከኪሴ ነው። አንድ እሑድ ትምህርቱ አሥር ደቂቃ ስላለፈ አንዲት እናት በሰው ፊት ተቆጡኝ። በዚያው ቀን አንድ ሽማግሌ ጠርተው ወንበሮቹ ለምን በጊዜ እንዳልተደረደሩ ጠየቁኝ። «እንዴት ከረምክ?» ያለኝ ግን አልነበረም። ማታ ቤቴ ገብቼ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤው ሁለት ሳምንት በኪሴ ተቀመጠ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ከእኛ በፊት ይህን ሥራ ማን ሠራው? ምን ከፈለ? ምንስ አገኘ?

መልሱን ፍለጋ መጀመሪያ ያደረሰኝ ወላይታ ነው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች ወደ ደቡብ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነበር። ዓመታት ደክመው ያፈሩት ፍሬ በቁጥር ሲታይ ጥቂት ነበር። ጣሊያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ መልእክተኞች ሶዶን ለቅቀው እንዲወጡ ተገደዱ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው። ማንበብ የሚችሉት ጥቂት፣ በገዛ ቋንቋቸው የነበራቸውም የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍል ጥቂት ነበር። የተሸኙትም የሸኙትም ይህች ጉባኤ ትተርፍ ይሆን ብለው መስጋታቸው አይቀርም።

ያቺ ጉባኤ የተረፈችው ሁሉም አገልጋይ ስለሆነ ነው። ማንበብ የሚችለው ላልቻለው አነበበ። ያልቻለው የሰማውን በቃሉ ይዞ ለጎረቤቱ ነገረ። የጸሎት ቤት በማገርና በሣር የሚሠራው በአማኞቹ ጉልበት ነበር። ሽማግሌዎች ከመካከላቸው ተመረጡ። ዋንዳሮ ዳባሮ በእምነቱ ምክንያት ታሰረ፣ ተገረፈ፤ ሲፈታም ወደ አገልግሎቱ ተመለሰ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መልእክተኞቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው ያልገመቱት ነገር ነበር፤ የአማኞቹ ቁጥር 10,000 ገደማ ደርሶ ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን በመድረክ ሰምተናል። ስንሰማው ግን ከ48 በአንድ እርምጃ ወደ 10,000 እንዘልላለን። በመካከሉ ያሉትን ተራ ሳምንታት አንቈጥራቸውም። ከሳምንቱ እርሻ በኋላ እግሩ እየዛለ ለማስተማር የሄደ ሰው ነበር። ሣሩ ሲያልቅ ጣራውን እንደገና የሚከድን ነበር። ኋላም የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ ዳውሮ ሲዘልቁ ዋጋውን የከፈሉት እነርሱ ብቻ አይደሉም። ሚስቶቻቸው ዘመድና ቀዬ ትተው፣ በቆላ በሽታና በእስራት ስጋት መካከል ልጆች አሳድገዋል። ስማቸው ግን ከባሎቻቸው ስም እጅግ ባነሰ ቦታ ይገኛል። ስለዚህ «ማንም አላየኝም» ማለት አዲስ ሮሮ አይደለም፤ ከጥንት አብሮን የኖረ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ይቀርባል፤ የኖሩበት ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። ሕንፃዎቿና ንብረቷ ተወረሱ። መሪዎቿ ታሰሩ፤ አንዳንዶቹ ከአራት ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። በዚያን ጊዜ የአባላቷ ቁጥር 5,000 ያህል ነበር። በአንድ ቀን የሚደረደር ወንበር፣ የሚቈለፍ በር፣ የሚስተካከል ማይክራፎን ጠፋ።

አገልግሎቱ ግን አልጠፋም፤ ወደ ቤት ገባ። አማኞቹ ከአምስት እስከ ሰባት እየሆኑ በየቤቱ ተከፋፈሉ። ጎረቤት እንዳይጠረጥር በየተራ ይገባሉ፣ በየተራ ይወጣሉ። ዝማሬው በለሆሳስ ነው። ቡድኑ ሲበዛ ለሁለት መከፈል ግድ ሆነ፤ አዲሱም ቡድን አስተማሪ ያስፈልገዋል። ባለፈው ወር አዳማጭ የነበረው በዚህ ወር መምህር ሆነ። ቤታቸውን የከፈቱ፣ ያስተማሩ፣ መልእክት ያደረሱ ሴቶች የዚያ ዘመን ምሰሶዎች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ቤተ ክርስቲያኒቱ በይፋ ስትከፈት አባላቷ ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

ከዚህ ታሪክ የመከራን ዘመን መመኘት አንማርም። የታሰረ፣ የተደበደበ፣ ከሥራው የተባረረ ሰው እንዲያ ብለን ብንነግረው ይታዘበናል። የምንማረው ሌላ ነገር ነው። ያ አገልግሎት የቆመው ጥቂት ጀግኖች ሁሉን ስለተሸከሙ አልነበረም። ሸክሙ ስለተከፋፈለ ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ተመልካች ሆኖ መቀመጥ አይቻልም። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጸልያል፣ አንዷ የታመመችውን ትጠይቃለች። የእኛ ድካም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሥራው ብዛት ይልቅ ሥራው በሰባት ሰው ትከሻ ላይ ተከምሮ ሌላው ተመልካች ሆኖ ስለሚቀመጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው ተመልካቹ ብቻ አይደለም። እኛም «እኔ ካልሠራሁት ይበላሻል» ብለን ቁልፉን በኪሳችን ይዘን እንዞራለን።

ትንሽ ጉባኤ የምትሰጠውም ነገር ከዚሁ ከትንሽነቷ ይመጣል። በትልቅ አዳራሽ መዝሙር ለመምራት ዓመታት ተራ የሚጠብቅ ወጣት እዚህ ገና ድምፁ ሳይጠራ ዕድል ያገኛል። ተሳስቶ ይማራል። አንድ እሑድ ቢቀር ሰኞ ስልኩ ይጮኻል። ለቅሶ ሲደርስበት ድንኳኑ ውስጥ የሚያገኛቸው እነዚያው ወንበር አብረውት የደረደሩ ሰዎች ናቸው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የጻፈውን መልእክት ስናነብ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንቸኩልበታለን፤ የስም ዝርዝር ነውና። ስሞቹ ግን የማን ናቸው? የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረችው ፌቤን አለች። ድንኳን እየሰፉ ቤታቸውን ለጉባኤ የከፈቱት ጵርስቅላና አቂላ አሉ። ስለ አማኞቹ ብዙ የደከመች፣ ከዚህ ሌላ ምንም የማናውቅላት ማርያም አለች። ጳውሎስ ሲናገር ብዕር ይዞ የጻፈው ጤርጥዮስም ሰላምታውን በአንድ መስመር አኑሯል። ያን ታላቅ መልእክት ማን እንደጻፈ ስንጠየቅ «ጳውሎስ» እንላለን፤ ጣቱ የዛለው ግን ጤርጥዮስ ነው። ጳውሎስ እነዚህን ሰዎች በስማቸው መጥራትን እንደ ትርፍ ነገር አልቈጠረውም። ለሽማግሌዎቻችንም በአክብሮት የምናሳስበው ይህንኑ ነው። አገልጋይ ደመወዝ አይጠይቅም፤ በስሙ መጠራትን ግን ይጠብቃል።

ደብዳቤዬን ቀደድኩትና ሌላ ጻፍኩ። ሁለት ነገር ጠየቅሁ፤ ከእኔ ጋር የሚያስተምሩ ሁለት ሰዎችና በወር አንድ እሑድ ከጉባኤው ጋር ተቀምጬ ቃል የምሰማበት ዕረፍት። ሽማግሌዎቹ ዕረፍቱን ሰጡኝ። ከሁለቱ ሰዎች የተገኘችው አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብቻ ናት። ብዙ ጊዜ ታረፍዳለች። ጠመኔውም እስካሁን ከኪሴ ነው። የተቆጡኝ እናት ግን አንድ ቀን መጥተው፣ ልጃቸው ማታ ማታ ከእንቅልፍ በፊት ክፍል ውስጥ የሰማውን ታሪክ ለታናሽ እኅቱ እንደሚተርክላት ነገሩኝ። ሲተርክም «እንዲህ አይደለም፤ ጋሼ እንዳለው ልንገርሽ» እያለ ያርማታል አሉኝ።

የሰማውን በቃሉ ይዞ ለሌላው የሚነግር ሰው። ወላይታ ውስጥ የተጀመረውም እንዲሁ ነበር። በሚመጣው እሑድ ተረኛው እኔ ነኝ፤ ቁልፉን ግን ለዚያች ልጅ ሰጥቻታለሁ።