የእሳቱ ልክ፦ ከአንኮበር ሸክላ እስከ ጡብ

ከደብረ ሲና ብዙም በማይርቀው በአንኮበር አካባቢ ሸክላ የሚተኮሰው ያለ እቶን፣ ሜዳ ላይ በተከመረ እንጨትና ኩበት ነው። እንዲህ ያለው እሳት በአብዛኛው ከ600 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሸክላው ዳግም ጭቃ አይሆንም፤ ቀዳዳማነቱ ግን አይጠፋም። ምጣድ እሳት ላይ ሳይሰነጠቅ የሚቆየውም በዚሁ ቀዳዳማነት ነው። ጡብ ሌላ ነው፤ ከ900 እስከ 1,100 ዲግሪ ሲተኮስ ቅንጣቶቹ በከፊል ቀልጠው ይያያዛሉ፣ ውሃ መምጠጡ ይቀንሳል፣ ጫናንና የጣርማ በርን ዝናብ ይችላል።

ስለዚህ የሸክላ ሠሪዎቹን እሳት «ኋላ ቀር» ማለት ስሕተት ይመስለኛል። «ቡዳ» እየተባሉ የተገፉት እነዚያ ሴቶች ለምጣድ የሚበቃውን ልክ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እቶን የሚጠይቀው ማገዶስ ከየት ይመጣል? በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ እንኳ ባሕር ዛፍ እስኪተከልላት ድረስ በማገዶ እጦት ተቸግራለች።